የያማንዱን ኮድ ማን አነበበው?

አናሂ ቤንታንኩር ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የያማንዱን አዲስ ኮድ የሚያጸድቀው ሁለተኛ ሰው እሷ መሆኗን አወቀች። የመጀመሪያው ዊልማር ነበር፤ ሁለት ሺህ መስመር ኮድ በአራት ደቂቃ «አይቶ» ስሙን አስፍሮበታል። በአራት ደቂቃ ሁለት ሺህ መስመር ወደ ታች ማንከባለል ይቻል ይሆናል፤ ማንበብ ግን አይቻልም።

ዊልማር ብቻውን ይወቀስ ማለት ግን ይከብዳል፤ የቤቱ ወግ ነው። ሞንቴቪዴዮ ውስጥ፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው በዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕሙማንን ከየቤታቸው የሚያነሱ መኪኖች የሚመሩበት ሶፍትዌር ይሠራል። ሥራው ትኬት በሚሉት የሥራ ማዘዣ ይመጣል። ትኬቱን የወሰደ ሰው ኮዱን ይጽፋል፤ ሁለት ባልደረቦች አንብበው ስማቸውን ካላሰፈሩበት ደግሞ ኮዱ ከቤት አይወጣም። ሕጉ ይህ ነው። ጸሐፊው ያማንዱ ሲልቬራ ከሆነ ግን በቢሮው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የማቴ ሻይ ቅል ዙሩን ሳይጨርስ ይጸድቃል። ያማንዱ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሶፍትዌሩን ከመሠረቱ ያቆመው እሱ ነው፤ ኮዱን መመርመር የአባትን ኪስ እንደ መፈተሽ ይቆጠራል።

የአናሂ ኮድ ሲሆን ሁሉም አንባቢ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ለጻፈቻት አስራ አንድ መስመር አስራ ሦስት አስተያየት ደርሷታል።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በማግሥቱ አርብ ነበር። ትቆይ ወይስ ትሰናበት የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ራሱ ያማንዱ ነው። ለዚህ ቦታ ብላ ከተማዋን ታኩዋሬምቦን ለቃለች፣ የባንክ ሥራዋን ትታለች፤ ሥራውን ወዳዋለች፣ ማጣት አትፈልግም። ግን አልፈራችም። ኮድ ማንበብ እንደምትችል ታውቃለች፤ ይህን ለማወቅ የማንም ምስክርነት አላስፈለጋትም።

ስለዚህ ተቀምጣ አነበበች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። አብዛኛው የሚያምር ሥራ ነበር፤ ሰውየው ያለ ነገር አልተከበረም። ወደ መጨረሻው ስትቃረብ ግን ያማንዱ አገልግሎቱ ካበቃ የራሱ አሮጌ ሥራ እንዳለች ቆርጦ ያመጣት ቁራጭ አጋጠመቻት። ስድስት መስመር ናት፤ አገሩ በሙሉ በበጋ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋ በነበረበት ዘመን የተጻፈች። በየዓመቱ ከኦክቶበር የመጀመሪያ እሁድ ጀምሮ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች።

«ምነው ፊትሽን አጨማደድሽ?» አለ ዊልማር ከማዶ። «የተዛነፈ ቅንፍ አገኘሽ?»

«የበጋ ሰዓት አገኘሁ።»

ያማንዱ ከስክሪኑ ሳይዞር፣ «እሱ ከተሻረ እኮ ስንት ዓመቱ» አለ።

«አገሩ ሽሮታል። የአንተ ኮድ ነው ያልሰማው።»

ያኔ ዞረ። የቡድኑ ኃላፊ ኔልባም ከክፍሏ ወጣች፤ ድምፅ ከፍ ሲል የምትወጣ ሴት ናት።

«አናሂዬ፣ ይሄ ነገር ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት አለበት» አለች። «ሾፌሮቹ ከነገ ጀምሮ በእሱ ነው የሚነዱት። ትናንት ስንሞክረው አንድ እንከን አልወጣለትም።»

«ትናንት ይሠራል። ዛሬም ይሠራል። የኦክቶበር የመጀመሪያ እሁድ ግን የፊታችን ነው፤ ከዚያ ጀምሮ መኪኖቹ አንድ ሰዓት ይዘገያሉ።»

«ስሚ፣» አለ ያማንዱ፣ «ያንን ክፍል እኔ ስጽፈው አንቺ ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ነበር የምታንጠለጥዪው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ያኔ ሰዓት ይገፋ ነበር።»

ዊልማር ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ ደግሞ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው የመጣሽው? ነገ ስላንቺ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ረሳሽው እንዴ?» አላት።

«አልረሳሁም» አለች አናሂ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ግን ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ስሜን አላሰፍርበትም። የሙከራ ማሽኑን ቀን ወደ ሰኞ እንግፋውና እንየው። አምስት ደቂቃ ነው። ከተሳሳትኩ እዚሁ ቆሜ አጸድቀዋለሁ።»

ኔልባ ያማንዱን አየችው። ያማንዱ ኩሩ ነው እንጂ ፈሪ አይደለም፤ ወንበሩን ስቦ ቀኑን ራሱ ቀየረው። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዋን ሴት መረጠ፤ ኤልቢያ ሪቬሮ ትባላለች፣ ሴሮ ሰፈር ነው የምትኖረው። የእጥበት ማሽኑ ላይ የምትተኛው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ መኪናው አስራ አንድ ከሩብ ላይ በሯ መድረስ አለበት። ስክሪኑ ለሾፌሩ የሰጠው ሰዓት አስራ ሁለት ከሩብ ነበር።

ኔልባ ስልኳን አንሥታ ለደንበኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚዘገዩ ልትነግር ወጣች። ዊልማር ማንም ሳይጠይቀው ስሙን ሰረዘና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረ፤ ጆሮው ቀልቷል። ያማንዱ ስድስቱን መስመር አጥፍቶ፣ የራሱን ማስተካከያ ጽፎ ላከላት። ያቺንም በደንብ አነበበቻት። ትክክል ነበረች፤ አጸደቀችለት።

ዊልማርም አንብቦ ጨርሶ ስሙን ከመለሰና ኮዱ ከወጣ በኋላ ያማንዱ «ነይ እስቲ» ብሎ ጠራት። አሁን መዘዙ መጣ ብላ ሄደች። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጻፋቸው ሥራዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንዳጸደቀውና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይታያል። ሁለት ደቂቃ። አንድ ደቂቃ። ሦስት። እንደገና አንድ።

«ክብር መስሎኝ ነበር» አለ።

«ክብር ነው እኮ።»

«ክብርማ ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት ያነበበኝ ሰው የለም። በሁለት ደቂቃ ምን ይነበባል?»

አናሂ አዘነችለት። ማጽናናት አታውቅበትም፤ ስለዚህ እውነቱን ነገረችው። «የመንገድ መምረጫውን ክፍል ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

«ስህተት ፍለጋ?»

«የመጀመሪያውን አዎ። ሁለተኛውን ግን ወድጄው ነው።»

ያማንዱ አንገቱን ነቀነቀ። ስለ አርብ ውሳኔው ግን ትንፍሽ አላለም።

አርብ ጠዋት ስትገባ የሚያናግራት ጠፋ። ኔልባ ከደንበኛው ጋር ስብሰባ ላይ ናት። የያማንዱ ወንበር ባዶ ነው፤ ማልዶ መጥቶ ሥራውን ጨርሶ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄዷል አሉ። እንደ ልማዷ የትኬት ዝርዝሯን ከፈተችው። ትናንት ማታ ባዶ አድርጋው የሄደችው ዝርዝር አሁን አርባ አንድ ትኬት ይዟል። ሁሉንም የከፈታቸው ያማንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ከአሮጌ ሥራዎቹ አንዱን ይዞ ከሥሩ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፎበታል፦ «ይህንን አንብቢው። ያልጣመሽን ሳትፈሪ ጻፊልኝ።»

አንድ በአንድ እያለፈች የመጨረሻው ትኬት ላይ ደረሰችና ቀነ ገደቡን አየችው። ዓይኗን አላመነችም፤ ደግማ አየችው። ጁን ይላል፤ ዓመቱም የሚመጣው ዓመት ነው፤ የሙከራ ጊዜዋ ግን የሚያልቀው ዛሬ ነበር።

ዊልማር ሊጠይቃት እየፈራ ቆይቶ አላስችል ሲለው፣ «እና? ስለ አንቺ ምን አለ ሰውየው?» አላት።

«እስከ ጁን አንብቢ አለኝ» አለች አናሂ፤ የመጀመሪያውንም ትኬት ከፈተች።