የሐጂራ መቅኔ

እህቴን ሐጂራን ንዳድ ገደላት ይላል ያገሬ ሰው። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ላገሬ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።

በ1930 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች የጣርማ በርን ዋሻ እየፈለፈሉ ነበር፤ ለመንገድ ሠራተኞቻቸውም ሸዋ ሮቢት ላይ ክሊኒክ ከፍተዋል። አሰብ ወደብ ሁለት ዓመት ስሸከም ጣሊያንኛ ለምጄ ስለነበር የሐኪሙ አስተርጓሚ ሆንኩ። መድኃኒት ማደሉም የእኔ ሥራ ነበር። «አደም አስተርጓሚው» ሲሉኝ ኩራቴ ለጉድ ነው።

ሐጂራ ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ራስ ምታት ያሠቃያት ነበር። ለሠራተኞቹ ለትኩሳትና ለራስ ምታት የምናድለው ፒራሚዶን የሚባል ነጭ ክኒን አለ፤ እሱን እየሰረቅሁ ወሰድኩላት። ራሷን ሲለቃት መረቀችኝ። ምርቃቷ ጣመኝና ሁለት ወር ሙሉ አመላለስኩ።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ለቆላ ሰው ወባ ምን ብርቅ ነው ብለን ናቅነው። ጉሮሮዋ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት ግን ሐኪሙን ለምኜ ክሊኒኩ ውስጥ አስተኛኋት።

ሐኪሙ ደሟን በማይክሮስኮፕ አየና ወባ አይደለም፣ የጠፋው ነጭ የደም ሕዋስ ነው አለ። የደረቷ አጥንት ላይ ወፍራም መርፌ ሰክቶ መቅኔዋን ቀዳ። «አይዞሽ እትዬ» እያልኩ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። መቅኔውን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አስነክቶ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። ማስተማር ይወድ ነበር።

መጀመሪያ ያሳየኝ የጤነኛ ሰው መቅኔ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ የሚወለደው እዚያ፣ አጥንት ውስጥ ነው አለኝ። ጨቅላው ትልቅ ነው፤ አስኳሉም ድፍን ክብ። ሲያድግ መጠኑ ያንሳል፤ አስኳሉ ይጎብጥና ሦስት አራት ቦታ ይቋጠራል። ሲበስል ከአጥንት ወጥቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ቁስል ሲያመረቅዝ ፈጥኖ የሚደርሰው እሱ ነው። እያደገ የሚያንስ ፍጥረት አይቼ አላውቅምና ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ የሐጂራን አሳየኝ። ጨቅላዎቹ አሉ፤ የበሰለ ግን አንድም የለም። ቅጠል አውጥቶ ዛላ ያልያዘ የማሽላ ማሳ መሰለኝ።

«አንዳንድ መድኃኒት ዕድገታቸውን ያግደዋል» አለ ሐኪሙ። «ቶሎ ከተተወ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ መብሰል ይጀምራሉ። የወሰደችው ነገር እንዳለ ጠይቃት።»

ጠየቅኋት።

«አንተ የምታመጣልኝን ነጯን ክኒን ነዋ» አለች በሰለለ ድምፅ። «የእሱ መድኃኒት አይደል? አላህ ይስጠው በልልኝ።»

ሐኪሙ አፍ አፌን ያያል። ባለፈው ሳምንት ከመጋዘን ዱቄት የሰረቀ ሠራተኛ በአለንጋ ሲገረፍ፣ «ማሩኝ» ማለቱን ለጣሊያኖቹ የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። የሰውየው ጀርባ ታየኝ።

«ምንም አልወሰድኩም ትላለች» አልኩት።

ዋሸሁ እንበል፤ ክኒኑን ማስቆም ምን ከበደኝ? አላስቆምኩም። ሐኪሙ አንዳንድ መድኃኒት አለ እንጂ ፒራሚዶን አላለም፤ ለስንቱ ሠራተኛ አድዬ ማን ሞተ? እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ትኩሳቷ ሲነድ ደግሞ ክኒኑ ያበርድላት ነበር፤ ሐኪሙ የሰጣት የምትጉመጠመጥበትን የጨው ውሃ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ተደብቄ አቀበልኳት። መዋጥ ሲያቅታት በውሃ እያሟሟሁ በማንኪያ አጠጣኋት፤ በዚህ እጄ።

በአራተኛው ቀን ጠዋትም አጠጣኋት። ትንሽ ቆይቼ ብጠራት ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ያኔ አለንጋውን ረሳሁት። ሐኪሙ እግር ላይ ወድቄ ስርቆቱንም፣ ውሸቱንም፣ የዚያን ጠዋቱን ማንኪያም ተናዘዝኩ። ከዚያ ቅጣቴን ጠበቅሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ማስታወሻውን አወጣና በቀን ስንት ትወስድ እንደነበር፣ መቼ እንደጀመረች እየጠየቀ ጻፈ።

«አሁን ብትተወው ትድናለች?» አልኩት።

«ከሦስት ቀን በፊት ነግረኸኝ ቢሆን ተስፋ ነበራት» አለኝ ቀና እንኳ ሳይል።

ጽፎ ሲጨርስ ግን ፈገግ አለ። ስለ ሐጂራ መቅኔ ወደ ሀገሩ ለሕክምና መጽሔት የሚልከው ጽሑፍ ነበረው፤ የጎደለው የበሽታው ምክንያት ብቻ ነበር። እሱን ሞላሁለት። «ብራቮ፣ አደም!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሲጋራ ዘረጋልኝ።

ሐጂራ ከመጋረጃው ወዲያ ታጣጥራለች። ሲጋራውን ተቀብዬ አመሰገንኩት።