ሰባት ከስንት?

ስፌት ቤት ውስጥ ስሟ «እንቅልፌ» ነበር። ያወጡላት አጎቷ ናቸው፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየገጠመች ማሽኑ ላይ ድፍት ባለች ቁጥር «እንቅልፌ፣ አልጋ ላንጥፍልሽ?» ሲሉ ሰፊዎቹ ይንከተከታሉ። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ዛሬ ያ ሳቋ ራሱ ያንገበግባታል።

ጠዋት ደረጃ ላይ ስትወድቅ ክሊኒክ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ነርሷ የደም ምርመራውን ውጤት አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ሄሞግሎቢኗ ሰባት ነው።»

«ከስንት?» አሉ አጎትየው።

«እንዴት ከስንት?»

«ከአስር ከሆነ አልፋለች ብዬ ነዋ! እኔ ተማሪ እያለሁ ሰባት አምጥቼ አላውቅም።»

ነርሷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ይሄ ፈተና አይደለም። ሄሞግሎቢን ደማችን ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ከሳንባ ተሸክሞ ለሰውነት የሚያደርሰው ነው። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከአሥራ ሁለት በታች ከወረደች ደም አንሷታል እንላለን። ሰባት ሲሆን ልቧ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ነው የሚሠራው። ይደክማታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ያዞራታል።»

አጎትየው ቱግ አሉ። «ምን አጉድዬባት? እኔ የምበላውን ነው የምትበላው!»

«ምግብ ነው አላልኩም። የወር አበባሽ ይበዛል እንዴ፣ የኔ እህት?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋሽ?» አሉ አጎትየው።

ያን ጊዜ ቀና አለች። «ምን ዘጋሽ ይሉኛል? ከማሽን የሚነሳ ሰው ለምን እንደሚነሳ ጮክ ብሎ ይናገር ያሉት እርስዎ አይደሉም? ያ ሁሉ ወንድ እየሰማ ምን ብዬ ልጩህ? ልብሴ ርሶ እዚያው ስቀመጥ ነው የከረምኩት! እርስዎ ደግሞ ያሾፉብኛል!»

ነርሷ ሆስፒታል ዛሬውኑ መሄድ እንዳለባት፣ ደም ሊሰጣት እንደሚችል፣ ደሟ ለምን ያን ያህል እንደሚፈስም መታየት እንዳለበት ነገረቻቸው።

«ዛሬ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጀመረችውን ጨርሳ ነገ ጠዋት ብትሄድስ...»

ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች።

«አሁን ነው የምሄደው። ታክሲ ይጥሩልኝ። ካልጠሩ በእግሬ እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ ብቀር ለእናቴ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።»

አጎትየው ታክሲ ሊጠሩ ወደ መንገዱ ወጡ። ታክሲው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው «እኔኮ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።