የሽቦ ጥፋት

ገና በጠዋቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ጢም ብሏል። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች የሕመምተኛ መዝገብ የሚያመጡት ምድር ቤት ካለው አንድ ማሽን ነበር፤ ያ ማሽን ደግሞ ገና ሲነሣ እየወደቀ አስቸገረ። ነጫጭ ፊደላት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ይጎርፋሉ፣ ከዚያ ቀጥ። የማሽኑ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለበት ከርነል የሚባለው ፕሮግራም፣ ከዚህ ወዲያ አልችልም ብሎ እጁን ይሰጣል።

ማሽኑ የሚጠበቀው በቅጥነቱ ምክንያት ሽቦ በሚሉት አንጋፋ ባለሙያ ነው። አብራው የምትሠራው ደግሞ የእህቱ ልጅ ነበረች። አባቷ ጥሏት ሲሄድ ያሳደጋት፣ ኋላም ሥራውን ከሀ እስከ ፐ አስተምሮ እዚሁ ያስቀጠራት እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ወረደ።

"ትናንት ይሄን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ። ከርነሉን በአዲስ ቀየርኩት። አስነሥቼም አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር" አለ ሽቦ።

"ደህና ነበር! በል ቁልፉን ወዲህ በል። አንተ የነካኸው ነገር መቼ በሕይወት ይተርፋል?"

ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው፣ ነርሶች ቆመው እያዩ፣ እንደ ሌባ ከክፍሉ አስወጣው። ወደ ልጅቷም ዞሮ "አንቺ መርምሪው። የዚህን ሰውዬ ጥፋት በወረቀት አምጪልኝ" አላት።

እውነቱን ለመናገር እሷም መጀመሪያ አጎቷን ነበር የጠረጠረችው። ማሽኑን በድሮው ከርነል አስነሣችው። ወደቀ። ደገመችው። አሁንም ወደቀ፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ። በሩን ገርበብ ስታደርግ አጎቷ ደረጃው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ በድሮውም ይወድቃል" አለችው በሹክሹክታ።

"የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው?"

"አይደለም፣ በየጊዜው ይለያያል።"

"እንግዲያው በከርነሉ አትፍረጂ። የሚያነበውን የሚይዝለት ክፍል ራሱ ተበላሽቶበት ይሆናል። ሚሞሪውን ፈትሺው፣ የኔ ልጅ።"

ፈተሸችው። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ስህተት በሚያሳይ ቀይ መስመር ተዥጎረጎረ። ማሽኑን አጥፍታ ክዳኑን ስታነሣ፣ ከአራቱ የሚሞሪ ካርዶች አንዱ ወንድሞቹን አይመስልም። ነቅላ አየችው። የአጎቷ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ "የሥራ አስኪያጅ ቢሮ።"

መዳፏ ላይ ይዛው ወደ ላይ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

"ኮምፒውተሬ ተንቀራፎ አስመረረኛ! ትናንት ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ ደህናውን ወስጄ የኔን ሰካሁለት። እና ምን ይጠበስ?"

"ማሽኑን የጣለው ይሄ ነው።"

"በሩን ዝጊው" አላት። ዘጋችው። "አጎትሽ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶታል። አንቺ ገና ሠላሳ አለሽ። የክፍሉ ኃላፊ ማን ቢሆን ይሻላል ትያለሽ?"

ብዙ አላሰበችም። ኋላ ራሷን የገረማትም ይኸው ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ሆድ የሚቆርጥ ነገር ይመጣል ብላ ነበር። የመጣላት ግን "ምነው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ባልጠበቀኝ" የሚል ብቻ ነው። በሌላኛው ደረጃ ዞራ ወረደች። ከመጋዘን ደህና ሚሞሪ አውጥታ ሰካች፤ ማሽኑ እንደ ጤነኛ ሰው ብድግ አለ። ከዚያ ቁጭ ብላ ሪፖርቷን ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። እሷ ቆማ አነበበች፦ ጥፋቱ ያለ ጥንቃቄ የተጫነው አዲሱ ከርነል ነው። አጎቷ ከኋላ እጁን አወጣ።

"አንድ ነገር ልጠይቃት።"

"ጠይቃት" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ብቻ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ እንዳይሆንብህ!" ሰዉ በሳቅ አወካ።

"በድሮው ከርነል አስነሥተሽው ነበር?"

"አዎ።"

"ተነሣ?"

ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው ያን ዕለት አንቱ አለችው። "ተነሥቷል። የጣለው እርስዎ የጫኑት ነው።"

ሽቦ ዓይኖቿን ረጅም ጊዜ አያቸው። መጀመሪያ ያጎነበሰችው እሷ ናት። እሱ የአንገት መታወቂያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ሃያ ዓመት አብራው ምሳ የበላችው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ እንኳ ስልኳን ከመነካካት ቀና አላለችም።

ከሥራ ተሰናበተ። ጡረታውም እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጅቷ ቤት ስትገባ እናቷ ጠረጴዛ እያሰናዳች ነበር።

"ወንድሜ መጥቶ ነበር" አለች እናት። "'እጄ ደክሟል፣ ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ልጅቷን አንዲት ቃል እንዳትናገሪያት' ብሎኝ ሄደ። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለኝ።"

ልጅቷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ሰቀለች።

"እኔ ግን አላመንኩትም" አለች እናት። "እሱ እኮ ከልጅነቱ ጥንቁቅ ነው። እስኪ አንቺ ንገሪኝ፤ ከምርሽ የሱ ጥፋት ነው?"

"የሱ ነው፣ እማዬ። አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ማሽን ባይነካ ይሻለዋል።"

እናት አንገቷን ነቀነቀች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። "ምስኪን ወንድሜ" አለች። "ደግነቱ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።"

"አዎ" አለች ልጅቷ፤ እጇን ልትታጠብም ሄደች።