ሰንሰለቱን ማንም አልጠየቀኝም

«ሞርጂና ዘንድሮም ማሽኗን ሰበረችው» እየተባለ ነው አሉ በመንደሩ። ኧረ በአላህ! እኔ ነኝ የሰበርኩት? ዘይት እያጠጣሁ፣ ከዝናብ እየከለልኩ፣ በጨርቅ እየወለወልኩ የያዝኩትን መውቂያ እኔ ልስበረው? ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ማን እንደሰበረው እናንተው ፍረዱ።

የሩዝ መውቂያዬ ትንሽ ናት። ሞተሩ ከበሮዋን የሚያዞረው በሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ደግሞ የሚጠመጠምበት ጥርሳም ብረት አለ። ያ ብረት ካለቀ ከበሮው ይቆማል። በዚህ በቦይሻኽ ወር፣ በየቀኑ ሰማዩ በሚጠቁርበት ጊዜ፣ ታጭዶ የተከመረ ሩዝ ሳይወቃ ከቆየ አይታገስም፤ እርጥበቱን ይዞ ክምሩ ውስጥ ይበቅላል። እኔና ባሌ ሞክሌስ ያለን ማሳ አንድ፣ የምንበላውም ከዚያው ነው።

እሑድ አጭደን ከመርን። ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ሳስነሳ የብረቱ ጥርሶች ተበልተው አልቀው ኖሮ ሰንሰለቱ ዘለለ። አሮጌውን ብረት ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦጉራ ከተማ ወደ ቶባርክ ሚያ ሱቅ በረርኩ። እዚያ መለዋወጫ ሻጮች ሰፈር ናሙና ሳትይዝ ከሄድክ ቀና ብሎ የሚያይህም የለም። አሮጌውን ታመጣለህ፣ እሱ ከአዲሱ ጋር ያነባብረዋል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ በቃ።

ቶባርክ ፓኑን፣ ያንን የሚታኘክ ቅጠሉን፣ በጉንጩ እያላመጠ የኔን ብረት አዲሱ ላይ አነባበረና በጥፍሩ ቆጠረ።

«አሥራ አምስት። ቀዳዳውም ያው ነው። ይኸው አፓ፣ እህቴ፣ መንትያው።»

«ቶባርክ ወንድሜ፣ አምናም ካቻምናም መንትያውን ነው የሰጠኸኝ» አልኩት። «አንዱም ከአንድ አጨዳ አላለፈም። ምናልባት የሚያስፈልገኝ ሌላ ዓይነት ይሆን?»

«አፓ፣ እርስዎ ሩዝዎን ይውቁ፣ ብረቱን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። «ነዶውን አብዝተው እያጎረሱት ነው። የሴት እጅ መጠን አያውቅም።»

የቆመው ወረፋ በሙሉ ሳቀ። እኔም፣ አያችሁ፣ አብሬ ሳቅሁ። እስካሁን አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ገጥመን አስነሳን። አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ቋ! ሁለት ጥርስ ረገፈ። ሞክሌስ የሚያመውን ወገቡን ይዞ ቀረብ አለና «ምናልባት እውነትም አብዝተሽ አጉርሰሽው ይሆን?» አለኝ።

«አንተም?» አልኩት።

መሬት ቁጭ ብዬ ሰንሰለቱን አወረድኩና ያልተሰበረው ወገን ላይ በእጄ ጠመጠምኩት። በሰንሰለቱ መሀል ያሉት ትንንሽ ድቡልቡል ብረቶች፣ ሮለሮቹ፣ ወደ ጥርሱ መሀል አይወርዱም! ጥፍሬ በሥራቸው ያልፋል። ያኔ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መካኒክ ሰንሰለቱን ቀይሮልን ነበር፤ ብረቱን ግን አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ነው ብረት በየዓመቱ የሚያልቀው። ናሙና ብዬ ተሸክሜ የምሄደው ራሱ የተሳሳተ ነበር፤ ቶባርክም ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስህተት ጥርሱን እየቆጠረ ሲሰጠኝ ኖሯል።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ላስቲኩን ይዘን ክምሩ ላይ ተኛንበት ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ግን ከሥር እየገባ ገለጠው፣ ውሃውም እስከ ታች ዘለቀ።

ረቡዕ ሰንሰለቱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቶባርክ ሱቅ ሄድኩ። ሳሪዬ በግራሶ ጠቁሯል፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ግድም አልሰጠኝ። ባንኮኒው ላይ ጣልኩለትና «ለካው» አልኩት። እየሳቀ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ አወጣ። አንዱን ሮለር ለካ፣ ደግሞ ሌላውን። መሳቁን ተወ።

«የዚህ ሰንሰለት ሮለር ወፈር ይላል፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ ሌላ ብረት አወጣ። ጥርሱ አሥራ አምስት፣ ቀዳዳው ያው፣ የጥርሱ ጎድጓዳ ብቻ ሰፋ ያለ። «የሱ ይሄ ነው።»

«ነበረህ?»

«ሁልጊዜም አለ።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አፓ፣ አሮጌውን ያመጡት እርስዎ፣ እኩያውን የሰጠሁት እኔ። ሰንሰለቱን ማን አመጣ?»

«ማን ጠየቀኝ?» ብዬ ጮኽኩ። «ሦስት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን ‹ሰንሰለትሽስ?› ብለኸኛል? ለሳቅ ጊዜ ነበረህ!»

አሮጌው ሰንሰለት ስለላላ የዚያኑ ዓይነት አዲስ ሰንሰለትም ወሰድኩ። እዚያው ጠምጥሞ እንዲያሳየኝ አደረግሁ፤ በሁለት እጄ ብጎትተው ንቅንቅ አላለም። ቤት ወስጄ ከሞክሌስ ጋር ገጠምነው። ያጎረስኩትም እኔው ነኝ፣ በዚያችው በሴት እጄ፣ ከሌላው ጊዜ አብዝቼ። ከበሮው አንዴም አልተንገጫገጨ።

ክምሩ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ጠረኑ ተለወጠ። የታችኛው ነዶ ትኩስ ነበር። ስገልጠው አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቶ ተቆላልፏል። ከሦስት እጁ አንድ እጁ! ሞክሌስ አንድ እፍኝ አንስቶ አየና ፊቱን አዞረ። ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ ነው፤ ገብቶኛል።

ሐሙስ ጠዋት የበቀለውን ቅርጫት ሞልቼ ቶባርክ ባንኮኒ ላይ ዘረገፍኩት።

«ይሄ የክረምት ምግባችን ነበር» አልኩት። «ማክሰኞ ቢወቃ ዛሬ ጎተራ ውስጥ ነበር።»

ቶባርክ ፓኑን ዋጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «አፓ፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ።

«ይየን! እንዲያይ ነው ያመጣሁት!»

ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ፣ ያለቀ ብረቱን እንደያዘ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሽማግሌው የበቀለውን ሩዝ በጣቱ ነካ አደረገ፣ ብረቱን መልሶ ጠቀለለና «ሰንሰለቴን ላምጣ» ብሎ ወጣ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት።

«ገበያዬን አጠፉት እኮ!» አለ ቶባርክ።

በሩ ላይ ባዶ ቅርጫቴን ደፍቼ ተቀመጥኩበት። የሚመጣውን ሁሉ «ሰንሰለትህን ይዘሃል?» እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ።