ሁለት ጊዜ የማይጠየቅ ሰው

በመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል «ክብሪት» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ አራሚያችን እትዬ ናቸው፤ እኔም ስሰማ ቱግ ብዬ ስሙን አጸደቅሁላቸው። እትዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ ዘጠኝ ዓመት የደከሙበት መዝገበ ቃላት አላቸው። ጡረታ ሳይወጡ ታትሞ ማየት ነው ምኞታቸው።

ያን ሰሞን ጠላቴ ኮምፒውተር ነበር። አንድ ፋይል ልሰርዝ ስል «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል፤ ያውም አንተ እያለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሹማምንት ስሞግት የኖርኩትን ሰው ሣጥን ልብ ግዛ ይበለኝ? ጥያቄው ስድብ ነው የሚል አሥራ ሁለት ገጽ ሙግት ጻፍኩና አትሜ ለእርማት ሰጠኋቸው። ከዚያ ምድር ቤት ወርጄ የኮምፒውተር ባለሙያዋን ጥያቄውን እንድታጠፋልኝ፣ በፋይሎች ሁሉ ላይም ሙሉ ሥልጣን እንድትሰጠኝ አዘዝኳት። ጥያቄውን አጠፋችው። ስለ ሥልጣኑ «እሺ ጋሼ» ብቻ አለች። እሺታዋን እንደ ፊርማ ቆጠርኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዲስኩ ስለሞላ አሮጌ ረቂቆቻችንን እንድናጸዳ ተነገረን። አንድ በአንድ መልቀም የፈሪ ሥራ መሰለኝ። ረቂቆቼ በተቀመጡበት አቃፊ ውስጥ ያለው በሙሉ ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን መታሁት። የሚጠይቀኝ የለ። ለአፍታ ነገሥኩ። ወዲያው ግን ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች «ፈቃድ የለህም» በሚል መስመር ተሞላ።

ደሜ ፈላ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወርጄ ባለሙያዋን በሰው ፊት ውሸታም አልኳት። ስለ ሐሳብ ነጻነትም ሳልናገር አልቀረሁም። እስክጨርስ ታገሠችኝና የኔን ስክሪን ከራሷ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ የራስዎ አቃፊ ውስጥ አይደለም። የጋራው ውስጥ ነው።»

እንዳልሰርዝ የተከለከልኩትን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አሳየችኝ። የእትዬ መዝገበ ቃላት ነበር፣ ከሀ እስከ ፐ። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ከሦስት ወር ወዲህ መጠባበቂያ ቅጂ አልተወሰደለትም።

«ሥልጣኑን ሰጥተሽኝ ቢሆንስ?» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው ያልሰጠሁዎት።»

በዚያው አቃፊ የነበሩት የእኔ ፋይሎች ግን ጠባቂ አልነበራቸውም። ሁሉም ሄደዋል፣ አሥራ ሁለት ገጹ ሙግቴም ጭምር።

ወጥቼ ለእትዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ኋላ መሳቢያቸውን ስበው ለእርማት የሰጠኋቸውን ወረቀት ሰጡኝ፤ የቀረኝ ቅጂ እሱ ብቻ ነው። እትዬ የተጠራጠሩት ዐረፍተ ነገር ጎን በቀይ ቀለም የሚጽፉት አንድ ጥያቄ አላቸው። ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፤ እንደ ስድብ ቆጥሬው ግን አላውቅም። «አዋቂ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም» ከሚለው መስመሬ ጎን «እርግጠኛ ነህ?» ብለዋል።

ቀዩን እስክሪብቶ ለምኜ ከሥሩ «አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩና መለስኩላቸው።