ቀዩ ክር

ጌናዲ የቀለም ውፍረት መለኪያውን የአዲሱ መኪና የኋላ ቀኝ በር ላይ ለጥፎ ማንበቡን አቋረጠ። ከሞተሩ ክዳን ጀምሮ ቁጥሩን እንደ ዕጣ ጮክ ብሎ ሲያነብ ነበር፤ መቶ አስር፣ መቶ አምስት፣ መቶ አሥራ ሁለት። አሁን ግን አቀርቅሮ ደግሞ ለካ።

"ምነው?" አለች መኪናውን ልትረከብ የመጣችው ዝላትካ።

"ሦስት መቶ ሰማንያ፤ ቀለሙ ከሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ወፍሯል። ይሄ በር ተመትቶ ተቀብቷል።"

ጌናዲ ጎረቤቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲቀባ ኖሮ ጡረታ የወጣ። ሻጩ ቦሪስላቭ ግን ፈገግታውን አላጠፋም።

"ጋሼ፣ አዲስ መኪና እኮ ነው። መለኪያዎ አርጅቶ ይሆናል።"

"ያረጀሁስ እኔ ነኝ። መለኪያውን አምና ነው የገዛሁት።" በሩን ከፍቶ ማጠፊያውን አሳያት። "ብሎኖቹን እያቸው፤ ቀለማቸው ተልጧል። በሩ ወልቆ ነበር።"

ቦሪስላቭ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ፣ ሲጓጓዝ ትንሽ ተጋጭቶ ነበር፤ አስተካክለነዋል። ደግሞ እትዬ፣ ክሩን አስረውበት የለ? የእርስዎ ሆኗል እኮ።"

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ገና ወደ መሸጫው ስትገባ፣ ሳታይ ሳትመረምር፣ ዓይን እንዳይበላው ብላ ከቤት ያመጣችውን ቀይ ክር የጎን መስታወቱ ላይ አስራለች። እናቷ ደግሞ የታሰረ ክር ሲፈታ ማየት አትወድም ነበር፤ ዕድልን መፍታት ነው ትል ነበር።

ባሏ ኢሊያ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ለማሳጠብ ከመንደራቸው ፕሎቭዲቭ ከተማ ሆስፒታል ይመላለሳል። ባለፈው ወር አሮጌው መኪና መንገድ ላይ ቆሞባቸው ኢሊያ ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እያየች፣ ምንም ማድረግ አልቻለችም። በማግስቱ መኪናውን ሸጠችው፤ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ ይንገላታሉ። ነገ ጠዋት ደግሞ ተራው ነው።

"ሌላ መኪና መቼ ይደርሳል?"

"ቢፈጥን በስድስት ሳምንት።" ቦሪስላቭ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀረበላት። "ያለ እንከን ተረክቤያለሁ" ይላል።

ስልኳ ጮኸ። ኢሊያ ነበር።

"መጣችሁ? ውሃውን በመዳቡ ገንቦ ቀድቼ፣ አበባ ጨምሬበት ደጅ ቆሜያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ስትገቢ ጎማው ፊት አፈስልሻለሁ፤ መንገድሽ እንደ ውሃ እንዲሆን።"

እንዲህ ሲደሰት ከሰማችው ስንት ጊዜ ሆናት! እስክሪብቶውን አነሳች። ከመፈረሟ በፊት ግን በሩን ደግማ አየችው። የበሩን ጉዳት የደበቀ ሰው ሌላ ምን ደብቆ ይሆን? ነገ መኪናው መንገድ ላይ፣ ኮረብታዎቹ መሀል ቢቆምስ?

"ኢሊያ፣" አለች፣ "ውሃውን አትክልቱ ላይ አፍስሰው።"

"ምን ሆናችሁ?"

"ደህና ነን። ነገ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው። ወፍራሙን ካፖርትህን አውጣው።"

ስልኩን ዘግታ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው። "ሌላውን አስመጡልኝ፤ እጠብቃለሁ" ብላ ለቦሪስላቭ ነግራ ወደ መስታወቱ ሄደች። ቋጠሮው ጠብቋል። ጌናዲ ሰንጢውን ከኪሱ አወጣላት።

"ተወው፣ አይቆረጥም" አለችው። "ለሚመጣው መኪና ይፈለጋል።"

በጥፍሯ ቀስ እያለች ትፈታው ጀመር።