የአእምሮ ጤናን ማን ያስተምር?

ከሰልጣኞቹ መምህራን ይርገዱን ብትጠይቋት ሱሌማን የመምህራኑን ስልጠና መሳቂያ አድርጎታል። ናሁሰናይ ደግሞ ትምህርቱ የገባው ሱሌማንን ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያው አንድ ጠዋት ነው።

አሰልጣኟ ወይንሸት፣ መጋላ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ሰኞ ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምረውን የመጀመሪያ መምህር መምረጥ ነበረባት። ለልምምድ ናሁሰናይ ተማሪ ሆኖ ተነሳና፣ "ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ለማንም አልተናገርኩም" አለ።

ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረው ሱሌማን እንደ መምህሩ ሊመልስለት ተነስቶ፣ በእጁ ጠመኔ እንደያዘ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመደው "ጎበዝ! አጨብጭቡለት" አለ።

መምህራኑም አጨበጨቡ። ወዲያው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አቦ ሱሌ፣ ማርኩንም ስጠው እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሱሌማን አልሳቀም። "ስንቱን ልጅ እንዲህ መልሼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "እንደገና ልሞክር።"

ወንበር ስቦ ናሁሰናይ አጠገብ ተቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ጠየቀና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምም አልቸኮለም። ናሁሰናይ ለልምምዱ የሚለው የተጻፈበትን ወረቀት አጠፈና የራሱን ጭንቀት ማውራት ጀመረ።

"ልጅ ፊት ቢሆን ግን እንደገና የሚባል ነገር የለም" አለች ይርገዱ በኋላ። "አንዴ ካፈረ አፉን አይከፍትም።"

እውነቷን ነበር። ወይንሸት ግን በአምስቱ የስልጠና ቀናት በባልደረቦቹ ፊት ስህተቱን ያረመ ሌላ ሰው አላየችም፤ ኮራችበት።

"ልክ ነሽ፣ ይርገዱ" አለች ሁሉም እየሰሙ። "ሰኞ የሚያስተምረው ግን ጋሽ ሱሌማን ነው። አንቺ ከኋላ ቁጭ ብለሽ የሚያፍር ልጅ እንዳይኖር ታዪልኛለሽ።"